ከፍሎ የበላ ዕዳ የለበትምን?

መብላትና መጠጣት ሰውን ከእንስሳ ጋር አንድ የሚያደርገው ሥራ ነው። ከማን እጅ እንደሚበላ፣ ከማን ጋር እንደሚበላ፣ ከበላም በኋላ ለማን ምን እንደሚገባው ማሰብ ግን የሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የማዕድ ነገር ለሆዳሞች የሚተው ትንሽ ነገር አይደለም። አባታችን አዳም የወደቀው በመብል ነው፤ መድኃኒታችንም ታላቁን ምሥጢር ለደቀ መዛሙርቱ የሰጣቸው በማዕድ ዙሪያ ተቀምጠው ሳሉ ነው። በዛሬው ጽሑፌ አንድ ወጣት ለጠየቀኝ፣ እኔም በጊዜው ደኅና አድርጌ ላልመለስሁለት ጥያቄ፣ ዘግይቼም ቢሆን መልስ ለመስጠት እሞክራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ጾም በሌለበት በበዓለ ኀምሳ ሰሞን ለቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ከአሰላ ወደ አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። በዚያም አንድ የንስሐ ልጄ መምጣቴን ሰምቶ፣ «አባቴ፣ ዛሬ ራት እኔ ልጋብዝዎ» ብሎ ለመነኝ። ይህ ወጣት በጭላሎ ተራራ ግርጌ ከሚኖር ገበሬ ቤት ተወልዶ፣ በአሰላ ተምሮ፣ በዋናው ከተማ በሒሳብ ሹምነት የሚተዳደር፣ ጠባዩ የታረመ ሰው ነው። እምቢ ብለው ቅር እንዳይለው ብዬ እሺ አልሁት።

የወሰደኝ ቤት በቦሌ በኩል ከፎቅ ላይ ያለ ነው። እኛ በልጅነታችን መሸታ ቤት ስንለው ከነበረው ጋር አይመሳሰልም፤ ምግብ ቤት ብቻም አይደለም። ምግቡ እንደ ትልቅ ሆቴል ተመርጦና ተውቦ ይቀርብበታል፤ ቢራውም ከመስተዋት ግድግዳ ጀርባ በሚታዩ ታላላቅ የመዳብ ጋኖች እዚያው ይጠመቅበታል። ጥምጥሜን ያዩ አንዳንድ ሰዎች ዘወር ብለው ተመለከቱኝ፤ አስተናጋጁ ግን መስቀል ተሳልሞ በአክብሮት አስቀመጠን። የምግቡ ዝርዝር እንደ መጽሐፍ ተጠርዞ ቀረበልኝ። እኔ አምቦ ውሃና ጥቂት ዓሣ አዘዝሁ፤ ልጄ ሥጋና አንድ ብርጭቆ ቢራ አዘዘ። አስተናጋጁን ብቅሉ ከወዴት እንደሚመጣ ብጠይቀው፣ «ከአሰላ ነው፣ አባታችን» አለኝ። እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት ደስ አለኝ፤ የአገሬን ሰው በባዕድ ከተማ ያገኘሁ መሰለኝ።

በኋላ ግን ሒሳቡ መጣ። ዓይኔ ሳላዝዘው ወረቀቱ ላይ ወደቀ። የዚያች ማታ ራት ዋጋ የዚህ ልጅ አባት አንድ ኩንታል ገብስ ሲሸጥ ከሚያገኘው የሚያንስ አልነበረም። ከልጄ ሳሕን ላይ እኩሌታው ሥጋ ተርፎ ነበር፤ አስተናጋጁም አንሥቶ ወሰደው። በዚህ ጊዜ መታገሥ አቃተኝና፣ «ልጄ፣ የሚራብ ሰው ባለበት አገር ይህን ያህል ገንዘብ በአንድ ማታ መብላት አያስፈራህምን?» አልሁት።

እርሱም ሳይቆጣ፣ ድምፁንም ሳያሰማ፣ እንዲህ ሲል መለሰልኝ፦ «አባቴ፣ ገንዘቡ የላቤ ዋጋ ነው፤ አልሰረቅሁም፣ ጉቦ አልበላሁም። አንድ ብርጭቆ ጠጣሁ እንጂ አልሰከርሁም። ጾም አልሻርሁም። ለቤቱ ሒሳቡን ከፈልሁ፤ ለአስተናጋጁም ጉርሻ ሰጠሁ። ከፍሎ የበላ ሰው የማን ዕዳ አለበት?» ጥቂት ዝም ብሎም፣ «በእኛ አጥቢያ በተዝካር የሚታረደው በሬ ከዚህ ራት ያንሳልን?» አለኝ። እኔም የምመልሰው አጥቼ ዝም አልሁ። ባርኬው ተለያየን።

አንባብያን ሆይ፣ ይህን ጥያቄ በቁጣ ማለፍ አይገባንም። ልጁ የጠየቀው የዘመናችንን ጥያቄ ነው። ዛሬ በከተማ የሚኖረው ሰው አብዛኛውን ማዕዱን የሚያገኘው በገንዘብ ነው፤ ገንዘብም ከከፈሉት በኋላ ነገሩን ሁሉ የሚጨርስ ይመስላል። ይጨርሰዋልን? ይህን ለማወቅ በመጀመሪያ ያ ብርጭቆ ከወዴት እንደ መጣ መመልከት ያስፈልጋል።

አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ ቁመቱ ከ4,000 ሜትር ከሚያልፈው ከጭላሎ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። ዙሪያዋ የስንዴና የገብስ አገር ነው። በ1960 ዓ.ም. መጀመሪያ ከስዊድን መንግሥት ጋር በመተባበር፣ ካዱ ተብሎ የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ በተቋቋመ ጊዜ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው ደረሰ፤ ምርቱም በዛ። ነገር ግን ትርፉን ያየ ባለመሬት በትራክተር አርሳለሁ እያለ ብዙ ጭሰኞችን ከኖሩበት መሬት አስነሣ። እህል በበዛበት ዘመን የአራሹ ገበታ የጎደለበት ጊዜ ነበረ ማለት ነው። የአሰላ ብቅል ፋብሪካም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 ተቋቁሞ፣ የአርሲና የባሌ ደጋ ገብስ ወደ ቢራ ፋብሪካዎች የሚሄድበት መንገድ ሆነ።

የብቅል አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን ገብሱን በውሃ ነክረው፣ በቅጠል ሸፍነው፣ ሲበቅል ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ፋብሪካውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ገብሱን ይነክራል፣ ያበቅላል፣ ቡቃያው ሳያድግ በሙቀት ያደርቀዋል። ሆኖም ገብስ ሁሉ ለቢራ አይሆንም። ሰውነትን የሚገነባው ፕሮቲን የበዛበት ገብስ ለጠመቃ ስለማይመች፣ ከመቶው 12 እጅ ገደማ ካለፈ ፋብሪካ አይፈልገውም። ገበሬው ምርቱ እንዲበዛ ብሎ ማዳበሪያውን ቢያበዛ ይኸው ፕሮቲን ከፍ ይላልና፣ አንዳንዱ ጭነቱን ይዞ ይመለሳል። ለልጅ ገንፎ መልካም የሆነው ገብስ ለብርጭቆ የተናቀ ይሆናል። ደግሞም ከእነዚህ ገብስ አምራቾች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ስለ ሆኑ፣ ከላባቸው ፍሬ የሚሠራውን መጠጥ ከቶ አይቀምሱትም። ይህ ሁሉ ድካም፣ ይህ ሁሉ ሥጋት በሒሳቡ ወረቀት ላይ አልተጻፈም። የተጻፈው «ቢራ፣ አንድ» የሚል ብቻ ነው።

ይህን ስል መግዛትና መሸጥ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። አባቶቻችን ለእንግዳ እህልን በዋጋ መስጠት እንደ ነውር ይቆጥሩት ነበር። እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን ባቋቋሙ ጊዜ፣ ሰው ከፍሎ መብላትን ስላልለመደ የሚገባ ጠፋ፤ ዐፄ ምኒልክም መኳንንቱን አስከትለው እየበሉና ሒሳቡን እየከፈሉ ሕዝቡን እንዳለማመዱት ይነገራል። ይህን ያደረጉት በከንቱ አልነበረም። ከተማ ዘመድ የሌለው ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ነውና፣ መንገደኛው ሳያፍርና ሳይለምን የሚበላበት ቤት ያስፈልገዋል። በዚያም ቤት አብሳዩ፣ አስተናጋጁ፣ ሳሕን አጣቢዋ እንጀራቸውን ያገኛሉ። መብሉን ማሳመርም ኃጢአት አይደለም። ወይን የሰውን ልብ ደስ እንዲያሰኝ፣ እህልም ጉልበት እንዲሆን የተሰጡ መሆናቸውን መዝሙረኛው መስክሯል፤ ጌታም በቃና ሰርግ ያቀረበው ወይን ከፊተኛው የተሻለ ነበር። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም ወይኑን ለእግዚአብሔር፣ ስካሩን ለዲያብሎስ ሰጥቶ አስተምሯል። እንግዲህ የልጄ ጥፋት መደሰቱ አይደለም።

ታዲያ ምን ቀረ? የቀረውን ከራሱ ቃል እንውሰድ። «ለአስተናጋጁ ጉርሻ ሰጠሁ» ብሎኛል። ጉርሻ በቋንቋችን በመጀመሪያ ምንድን ነው? አንዱ ለሌላው በእጁ ጠቅልሎ በአፉ የሚያኖርለት፣ ፍቅርን የሚያስረዳ ጉርስ ነው። በሆቴል ግን ጉርሻ ማለት ከሒሳቡ በላይ የሚሰጥ ገንዘብ ሆኗል። ቃሉ ከአፍ ወደ ኪስ ወረደ። ይሁን እንጂ ቃሉ ራሱ አንድ ነገር ይመሰክራል፤ ከሒሳቡ በላይ የሚሰጥ ነገር ባይኖር ኖሮ ሌላ ስም ባላስፈለገው ነበር። የተከፈለው ሁሉ ከተከፈለ በኋላ ሰው የሚቀርበት ነገር እንዳለ፣ ሳያስተውለው እንኳ፣ ልቡ ያውቀዋል።

የጽዋ ማኅበርን ሥርዓት ደግሞ እንመልከት። በዚህ ወር በአንዱ ቤት የተበላና የተጠጣ እንደ ሆነ፣ ጽዋው ወደሚቀጥለው ባለተራ ይሄዳል። የበላ ሰው ከፍሎ አይሄድም፤ ተራውን ተቀብሎ ይሄዳል። ዕዳው አይዘጋም፤ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል እንጂ። ማኅበርተኛ ቢታመም የሚጠይቀው፣ ቢሞት የሚቀብረው ያ ያልተዘጋ ዕዳ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ዕዳን ሁሉ እንዲከፍሉ አዝዞ፣ እርስ በርስ ከመዋደድ ዕዳ ብቻ እንዳይወጡ ማስተማሩ ስለዚህ ነው። ገንዘብ ዕዳን ይዘጋል፤ ይህም ጥቅሙ ነው። ሁሉንም ዕዳ በገንዘብ ለመዝጋት የሚፈልግ ሰው ግን ራሱን ከሰው ሁሉ ይለያል። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የተባለው ተረት የሚነካው ሆዳሙን ብቻ አይደለም፤ ለማንም ምንም የለብኝም የሚለውንም ይነካዋል።

እኔ ራሴ ይህን ነገር ማወቅ የነበረብኝ ቀደም ብዬ ነው። በቅኔ ቤት ሳለሁ አኩፋዳዬን አንግቼ፣ ደበሎዬን ለብሼ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ ከደጅ ደጅ በመዞር ብዙ ዓመት በልቻለሁ። ውሻ እየከለከሉልኝ ቁራሽ እንጀራና እፍኝ የገብስ ቆሎ የሰጡኝን እናቶች ስም እንኳ አላውቅም። ከእነርሱም ብዙዎቹ አሁን በሕይወት የሉም። ያን እንጀራ ልክፈል ብል ለማን እከፍላለሁ? አንድ ቀን እንኳ ከፍዬ ሳልበላ ካህን ሆንሁ። ስለዚህ «የማን ዕዳ አለብኝ?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ከሰው ሁሉ ይልቅ መልስ ሊኖረኝ የሚገባ እኔ ነበርሁ። ዳሩ ግን ጠግቦ የሰነበተ ሰው ያጎረሰውን እጅ ይረሳል።

የተዝካሩም ነገር እውነት ነው። ልጄ ሲናገረው ያፈርሁት እውነት በመሆኑ ነው። በእኛው አጥቢያ አንዲት ባልቴት ለባሏ አርባ በሬዋን አርዳ፣ ተበድራም ጠላና ጠጅ ጥላ ስታበላ፣ እኔ በላይኛው ወንበር ተቀምጬ ነበር። ድሆቹ ግን እኛ እስክንነሣ ድረስ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ይጠብቁ ነበር። በሚቀጥለው ክረምት ያቺ ሴት የምታርስበት በሬ አልነበራትም። ለሙታን መታሰቢያ ማድረግ ቅዱስ ሥርዓት ነው፤ ሕያዋንን እስኪያስርብ ድረስ ማድረግ ግን ሥርዓቱ ያላዘዘው ነው። የከተማው ቤት ገንዘብ የሌለውን ያለ ቃል ያስቀረዋል፤ እኛ ግን በቤተ ክርስቲያን ስም አስቀረነው። ከሁለቱ የማንኛው በደል ይበልጣል? ይህን ሳልናዘዝ ልጄን ብገሥጽ ጉድፍን ለማውጣት ምሰሶን የተሸከምሁ እሆናለሁ።

ወደ አሰላ እንደ ተመለስሁ ወደ ልጁ አባት ቤት ሄድሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ስለዚያ ራት ላጫውታቸውና ልጃቸውን እንዲመክሩት ላደርግ አስቤ ነበር። ሽማግሌው ያን ሰሞን ከፋብሪካ የተመለሰባቸውን ገብስ በማዳበሪያ ከረጢት እንደ ታሰረ በጎተራው አጠገብ ደርድረውታል። ከዚያው ገብስ የተጠመቀ ጠላ ቀድተው አቀረቡልኝ፤ ገንፎም በቅቤ አስመጡልኝ። ተቀምጬ አፌን ሳልከፍት እርሳቸው ቀድመው፣ «አባቴ፣ ልጄን አዩት? ደኅና ይበላል?» አሉኝ። ልጁ ከመጣ ሦስት ዓመት አልፎታል። ገንዘብ ይልካል ወይ አላሉም፤ ለምን ቀረ አላሉም። ደኅና መብላቱን ብቻ ጠየቁ። «ደኅና ይበላል» አልኋቸው። ሽማግሌውም ተነሥተው፣ «ተመስገን» ብለው እንደገና ቀዱልኝ። ልናገረው ያሰብሁትን ነገር ከጠላው ጋር ዋጥሁት።

ለልጄ ጥያቄ መልስ ያገኘሁት በዚያ ቤት ነው። ልጄ ሆይ፣ ከፍሎ የበላ ሰው ለሸጠለት ሰው ዕዳ የለበትም፤ በዚህ ትክክል ነህ። ነገር ግን ሒሳብ የማያመጡ ባለዕዳዎች አሉብህ። ዘሪው አለ፣ ጎልጓዩ አለ፣ «ደኅና ይበላል?» ብሎ የሚጠይቅ አባት አለ፣ ከሁሉም በላይ ዝናም የሚሰጥ አምላክ አለ። እነዚህ ወረቀት አይልኩም፤ ባይከፈላቸው አይከሱም። ዕዳቸው ከባድ የሆነውም ስለማይጠይቁ ነው። የሚጠይቅ ባለዕዳ ቢከፈለው ዝም ይላል፤ የማይጠይቀው ግን የሚከፈለው በማሰብ፣ በመምጣትና በማካፈል ብቻ ነው።

እንዴት ይከፈላል ብትለኝ ከገብስ መከር ምሳሌ እሰጥሃለሁ። ሞዓባዊቱ ሩት በገብስ አጨዳ ወራት በቦዔዝ እርሻ ትቃርም ነበር። ቦዔዝ ወደ ማዕዱ ጠራት፤ በልታም ጠገበች፤ ከተረፋትም አስቀምጣ ለአማቷ ለኑኃሚን ወሰደችላት። እነሆ ሁለቱ ሥራዎች፦ ቦዔዝ መክፈል የማትችለውን ሴት ወደ ማዕዱ አቀረበ፤ ሩትም በጠገበች ጊዜ በቤት የቀረችውን አሰበች። በምድረ በዳም አምስቱን እንጀራ ያመጣው ብላቴና የያዘው የገብስ እንጀራ ነበር። ጌታችን አምስት ሺህ ሰው አጥግቦ ሲያበቃ፣ ዳግመኛ ሊያበዛው የሚችል አምላክ ሲሆን፣ የተረፈው ፍርፋሪ ሁሉ ምንም ሳይጠፋ እንዲሰበሰብ አዘዘ። ለእርሱ ፍርፋሪ ያልተናቀበት ምክንያት ከአንድ ብላቴና እጅ የመጣ በመሆኑ አይመስልህምን?

ስለዚህ ወደዚያ ቤት አትግባ አልልህም። ስትገባ ግን የምትጨርሰውን ያህል እዘዝ፤ የተረፈውን አስጠቅልለህ ለሚበላው ስጥ እንጂ በሳሕን ላይ አትተው። ከወዳጆችህ ጋር በየወሩ እዚያ የምትቀመጥ እንደ ሆነ፣ አንዱን ወር ከቤትህ አድርገው፤ በዚያም ቀን ሊከፍል የማይችል አንድ ሰው ይኑር። አንድ ራትህንም ትተህ በዋጋው የመኪና ቲኬት ቁረጥ፤ አሰላ ሩቅ አይደለችም። ይህን ሁሉ የምልህ ደስታህን ላጎድልብህ አይደለም። ከአባትህ ጋር የማትጠጣው ቢራ፣ ምንም ቢጣፍጥ፣ የጎደለው ነገር ስላለ ነው።

እኛም ካህናትና ምእመናን የራሳችንን ማዕድ እናስተካክል። በተዝካርና በክርስትና ድግስ ባለቤቱ በአራጣ ተበድሮ እንዳይደግስ እንከልክለው፤ አንከልክለው ብንል እንኳ በሚቀጥለው ዓመት የሚራብበትን ዋንጫ አንጠጣ። ድሆች በመጀመሪያ ይግቡ፤ እኛ በኋላ እንቀመጥ። በእኔ በኩል፣ ያቺ ባልቴት ለእርሻ በሬ እንድታገኝ ከአጥቢያው ሰው ጋር ማዋጣት ጀምረናል። ይህ ምስጋና የሚገባው ሥራ አይደለም፤ ዘግይቶ የተከፈለ የራት ሒሳብ ነው።

የጎረስነውን እጅ የማንረሳ ያድርገን። አሜን።